የደን መተካካት በጌዴኦ

የደን መተካካት በተመነጠረ፣ በተቃጠለ ወይም በተተወ መሬት ላይ ዕፅዋት ተራ በተራ እየተፈራረቁ በመብቀል ደኑን መልሰው የሚያቋቁሙበት ሂደት ነው። በጌዴኦ ዞን፣ ማለትም ከዲላ በወናጎና በይርጋጨፌ በኩል በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ተዳፋት፣ ሂደቱ በይበልጥ የሚታየው ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው በሚያድጉበት የገበሬ ማሳ ነው። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. (2023 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጽንሰ ሐሳቡ

አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ክሌመንትስ በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ መተካካት በአካባቢው አየር ንብረት ወደሚወሰን አንድ የመጨረሻ ደረጃ ያመራል ብሎ ነበር። ሄንሪ ግሊሰን በ1926 እ.ኤ.አ. ይህን ተቃውሞ የዕፅዋቱ ስብጥር በአብዛኛው በአጋጣሚና በየዝርያው ጠባይ እንደሚወሰን ተከራክሯል። የዛሬ ተመራማሪዎች አንድ ቋሚ ፍጻሜ አለ የሚለውን ሐሳብ እምብዛም አይቀበሉም።

ቅደም ተከተሉ

እርጥበት ባላቸው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ደኖች፣ መሬቱ ከተመነጠረ በኋላ መጀመሪያ ሣርና አረም፣ ቀጥሎም እንደ ግራዋ ያሉ ቁጥቋጦዎች ይወጣሉ። ብርሃን የሚወዱትና ፈጥነው የሚያድጉት ብሳና፣ ዋንዛና ብርብራ ይከተላሉ። እንደ ዝግባና ቀረሮ ያሉት ዝግ ብለው የሚያድጉ ዛፎች የሚበረክቱት ዘግይተው ነው። ደምል ተክታይና የሥራ ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ደረቅ የተራራ ደኖች ባደረጉት ጥናት፣ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር ባብዛኛው የአረምና የሣር ሆኖ ተገኝቷል። የብዙዎቹ ዛፎች ተተኪ ከጥላ ሥር የሚጠባበቅ ችግኝ ነው። ስለዚህ እናት ዛፍ በቅርብ በሌለበት ደኑ ቶሎ አይመለስም።

የማሳው አመጣጥ

የጌዴኦ ማሳ ከየት መጣ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። አንደኛው አስተያየት ገበሬው የተፈጥሮ ደኑን እያሳሳ ከሥሩ እንሰትና ቡና አስገባ ይላል፤ በዚህ እይታ ማሳው ፈጽሞ ያልተቋረጠ፣ ግን መልኩ የተለወጠ ደን ነው። ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ ዛፎቹ ቀድሞ በተመነጠረ መሬት ላይ በሰው እጅና በወፍ ዘራሽ እንደገና የተቋቋሙ ናቸው ይላል። ሁለቱም በየቦታው ተፈጽመው ሊሆን ይችላል።

ዕድሜውም አከራካሪ ነው። ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት አምስት ሺህ ዓመትን ያነሳል፤ ሆኖም በርዕሱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል። ለዕድሜው ብዙ ጊዜ በማስረጃነት የሚጠቀሱት በጌዴኦ በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የራዲዮካርበን ጥናት በዚያው ዞን በሳካሮ ሶዶ ያሉትን ትክል ድንጋዮች ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ወስዷቸዋል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ድንጋዮቹ ግን የሰውን መኖር እንጂ እንሰት በዛፍ ጥላ ሥር መለማቱን በቀጥታ አያሳዩም።

አያያዝ

ገበሬው መተካካቱን መሐል ላይ ይይዘዋል። ወፍ ዘራሽ ችግኝ ሲወጣ የሚፈልገውን ይተዋል፣ ሌላውን ይነቅላል። ጥላ ሲበዛ ቅርንጫፍ ይመለምላል፤ ቅጠሉና የታጨደው አረም እዚያው በስብሶ አፈሩን ያዳብራል። ብርብራ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያስገኝ በቡና መሐል ይወደዳል። ያረጀ ዛፍ ሲቆረጥ የሚከፈተው ብርሃን ለአዲስ እንሰትና ለወጣት ዛፎች ይውላል። እድሳቱ በዚህ መንገድ ዛፍ በዛፍ ስለሚካሄድ ተዳፋቱ ራቁቱን አይቀርም። ይህንንም የሚወስነው ቤተሰቡ ራሱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የመሰለ ነጋሽና የባልደረቦቻቸው ጥናት በእነዚህ ማሳዎች 58 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ አገር በቀል ናቸው።

ቅዱስ ደኖች

በባህላዊ ሥርዓት የሚጠበቁ ደኖች በሽማግሌዎች እጅ ይገኛሉ። እነዚህ ደኖች በማሳ ለሳሱ ዝርያዎች የዘር ምንጭ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይታመናል።

የቅርብ ጊዜ ለውጦች

በከፍተኛው ቦታ ባሕር ዛፍ፣ በዝቅተኛው ቦታ ደግሞ የፍራፍሬ ዛፎች ተስፋፍተዋል። የሕዝብ ጥግግትና የማሳ መጥበብ ለዛፎች የሚቀረውን ቦታ እንደሚያሳንሱ ይገለጻል።