ፊኛውና መንገዱ፦ የተዘጉ የልብ ደም ቅዳዎች ሕክምና ታሪክ ከአሰላ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቀጭን ቱቦና ስለ አንድ መንገድ ነው። ቱቦው በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ደም ቅዳ ገብቶ ልብ ዘንድ የሚደርሰው ነው። መንገዱ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው፣ ከአሰላ በአዳማ በኩል አዲስ አበባ የሚያደርሰው 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የልብ ሕክምና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከፈልሳፊዎቹ ወገን ሆኖ ነው፤ እኔ ግን ከጭላሎ ግርጌ ቆሜ ልመለከተው እወዳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1929 በርሊን አጠገብ በምትገኘው በኤበርስቫልደ ከተማ ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም፣ አለቃው ሳይፈቅድለት፣ ለሽንት የሚያገለግል ቱቦ በራሱ ክንድ ደም መልስ አስገብቶ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ገፋው። ቱቦው በክንዱ ውስጥ እንዳለ ደረጃ ወርዶ ወደ ራጅ ክፍል ሄደና ጫፉ ልቡ ውስጥ መድረሱን በዓይኑ አየ። ድርጊቱ በጊዜው ከማስመስገን ይልቅ አስነቀፈው፤ ኋላም ወደ ሽንት አካላት ሕክምና ዞረ። የናዚ ፓርቲ አባልም ነበር፤ የሳይንስን ታሪክ ስንጽፍ ይህን መሰሉን ጉዳይ ዘለን ማለፍ አይገባንም። በ1956 ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዱሰልዶርፍ የአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነ። ዱሰልዶርፍ ለአሰላ ሰው እንግዳ ስም አይደለም፤ የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋምን እዚህ ያመጣልን የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1958 ሜሰን ሶንስ በክሊቭላንድ፣ በስሕተት በተረጨ የራጅ ቀለም አማካይነት፣ የልብን ደም ቅዳዎች ለይቶ ማየት እንደሚቻል ተረዳ። በ1964 ቻርልስ ዶተር በፖርትላንድ የጠበበ የእግር ደም ቅዳን በቱቦ አሰፋ። በጣም የሚመስጠኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው አንድሪያስ ግሩንትሲግ ነው።

ግሩንትሲግ በ1939 በድሬስደን ተወለደ። በዙሪክ ሆስፒታል እየሠራ፣ ማታ ማታ በቤቱ የማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከረዳቱና ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ሙጫና የፕላስቲክ ቱቦ እየቆራረጠ ትንሽ ፊኛ ለመሥራት ይደክም ነበር። ችግሩ ፊኛው መነፋቱ አልነበረም፤ ሲነፋ ወዲያና ወዲህ ሳይለጠጥ፣ በተወሰነለት ስፋት ጸንቶ የሰባውን የቧንቧ ግድግዳ መግፋት መቻሉ ነበር። በውሾች ላይ ያገኘውን ውጤት በ1976 ለአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ጉባኤ ሲያሳይ ብዙዎቹ አላመኑትም። መስከረም 16 ቀን 1977 በዙሪክ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አከመ። ሕመምተኛው 38 ዓመቱ ነበር፤ ሐኪሙም እንዲሁ። ደረቱ አልተከፈተም፣ ሕመምተኛውም ነቅቶ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ያ ደም ቅዳ እንደ ተከፈተ ተገኘ፤ ግሩንትሲግ ግን ያን ለማየት አልታደለም። በ1980 ወደ አትላንታ ተሻግሮ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1985 ራሱ ያበረው በነበረ አነስተኛ አውሮፕላን አደጋ ሞተ። በፊኛ የተከፈተው ቧንቧ በብዙዎች ላይ በወራት ውስጥ መልሶ ይጠብ ስለ ነበር፣ በ1986 በቱሉዝና በሎዛን ስቴንት የተባለው የብረት መረብ ሰው ልብ ውስጥ ገባ።

በእኛ አገር የልብ ሕክምና የተጀመረው በሌላ በር፣ በሕፃናት በኩል ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ፤ ለዓመታት ሕፃናት ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሲላኩ ከቆዩ በኋላ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። የተዘጉ ደም ቅዳዎችን በመክፈት ረገድ ከሚጠቀሱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር ተስፋዬ ተሊላ ናቸው። በግሩንትሲግ የመጨረሻ ከተማ በአትላንታ እየሠሩ፣ ኸርት አታክ ኢትዮጵያ በተባለው ድርጅት አማካይነት የበጎ ፈቃድ ቡድን ይዘው አዲስ አበባ እየመጡ ሕሙማንን ያክማሉ፤ የአገር ቤት ሐኪሞችንም ያሠለጥናሉ። እንዲህ ያለ ጉዞ ይመሰገናል። ነገር ግን የልብ ደም ቅዳ ቀጠሮ ይዞ አይዘጋም።

በዚህ ላይ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ የምለይበት አሳብ አለኝ። በአርሲ ገጠር የሚያድግ ልጅ ልቡ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በስብ አይደለም፤ በጊዜው ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ በሚመጣ የልብ በር ጥበት ነው። ለዚያም ፊኛ አለው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካንጂ ኢኑኤ በጃፓን የሠራው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ደም ግፊትና ስኳር ወደ ከተሞቻችን እየገቡ ሳለ፣ የድሮውን በሽታ ሳንጨርስ አዲሱን ልንቀበል ነው። የአርሲ ልብ በዓለም የታወቀው በነደራርቱና በነቀነኒሳ ሩጫ ነውና፣ ደጋ የሚኖር ሰው ልቡን አያመውም የሚል እምነት አልፎ አልፎ እሰማለሁ፤ አያዛልቅም።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። ድንገት በረጋ ደም የተዘጋን ደም ቅዳ በፊኛ መክፈት የሚመረጠው፣ ሕመሙ ከታወቀበት ሰዓት ጀምሮ በ120 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስ ከሆነ ነው። ካልተቻለ፣ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ሳይሞላ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥና ሕመምተኛው ወደ ማዕከሉ ይላካል። አንድ የበቆጂ ገበሬ ማታ ደረቱን ሲጨንቀው እናስብ። ቤተሰቡ «ጨጓራ ነው» ብሎ ዝንጅብል ያፈላለታል። ሲነጋ ሚኒባስ ተሳፍሮ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሰላ ይደርሳል። ከዚህ አዲስ አበባ በ120 ደቂቃ ደርሶ፣ ወረፋ አልፎ፣ ፊኛው በልቡ ውስጥ ሊነፋለት አይችልም። ስለዚህ ለእርሱ የሚቀርበው የግሩንትሲግ ፊኛ ሳይሆን በደቂቃዎች ውስጥ የሚነሳና የሚነበብ ኢሲጂ፣ አስፕሪን፣ ያ ደም የሚያሟሟ መድኃኒትም ከመደርደሪያው ላይ መገኘቱ ነው። ያም ቢሆን ሰዓቱ መቆጠር የጀመረው ትናንት ማታ፣ ዝንጅብሉ ሲፈላ ነበር።