አንድም የሚለው ቃልና የሰባኪ አደራ

በአገራችን መጻሕፍት ቤት ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ «አንድም» የሚለው ቃል እጅግ አጭር ነው፤ የተሸከመው አደራ ግን ከባድ ነው። መጽሐፍን የሚተረጉም ሰው ከገዛ ልቡ አንቅቶ እንዳይናገር፥ ከአባቶቹ የተቀበለውንም እንዳያስቀር የሚያስረው ይህ ቃል ነውና፥ ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ለካህንም ለምእመንም ይጠቅማል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሱት ክርስትና በአክሱም ከጸና በኋላ ነው። ዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች በዘመናችን የብራናቸው ዕድሜ ቢመረመር፥ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተዘጋጁ ሆነው ተገኝተዋል። በ14ኛውም መቶ ዓመት ጳጳሱ አባ ሰላማ ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ስላስመለሱ «መተርጉም» ተብለዋል።

ግእዝ ግን ከሕዝቡ አፍ እየራቀ ሄደ። ካህኑ ያነባል፥ ሕዝቡም ቆሞ ይሰማል፤ ምሥጢሩ ግን ተዘግቶበት ይመለሳል። ሊቃውንቱ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ንባቡን እንደ ጥንቱ በግእዝ ጠብቆ፥ ትርጓሜውን በአማርኛ መናገር ነው። ይህም ትምህርት በጎንደር ዘመነ መንግሥት ሰፍቶና ተደላድሎ፥ በኋላ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ተከፈለ፤ የታች ቤቱም ትርጓሜ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋራ ይነሣል።

የትምህርቱ ሥርዐት እንዲህ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል፤ ቀጥሎ ነጠላ ትርጓሜውን በአማርኛ ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ ሌላ መንገድ ሲኖረው «አንድም» እያለ ያመጣል፤ ታሪክ የሚያሻውን በታሪክ፥ ጥያቄ የሚነሣበትን በሐተታ ይፈታል፤ ለነገሩም ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ይጠራል። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ጉባኤውም አራት ነው፤ ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንት፥ መነኮሳት። አራቱን ያስኬደ መምህር «አራት ዐይና» ይባላል። ወደዚህም የሚደረሰው በንባብ፥ በዜማና በቅኔ ቤት ረዥም ዘመን ከተደከመ በኋላ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ በምስር አገር አንድ ኢትዮጵያዊ ብቻውን ሲደክም እናገኘዋለን። ይኸውም አብርሃም የተባለው፥ በብዙዎች ዘንድ አቡ ሩሚ በሚለው ስም የታወቀው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ የነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል አስሊን ደ ሼርቪል ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለሌላ እንግዳ እየዘጋ፥ ከእርሱ ጋራ ዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በቀስታ ያነብ ነበር፤ የከበደ ቃል ሲያጋጥም ከዕብራይስጡ፥ ከሱርስቱና ከጽርኡ እያመሳከረ ይገልጥለት፥ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፈው ነበር። ዐሥር ዓመት ደክመው 9539 ገጽ ያህል ፈጸሙ። ተርጓሚው ሥራው ሲታተም ሳያይ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1820 ገዝቶ፥ ወንጌሉን በ1824፥ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 አሳተመው።

ድካሙ ታላቅ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን ልብ እንበል። ንባቡ በአማርኛ በሰው እጅ ገባ፤ መምህሩ ግን ከመጽሐፉ ጋራ አልተጠረዘም። ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት በ8ኛው ምዕራፍ እንደ ነገረን፥ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ይዞ ነበር፤ የጎደለው የሚያስተውለው ሰው እንጂ መጽሐፍ አልነበረም። ፊልጶስ የተላከለትም ስለዚህ ነው።

በ1916 ዓ.ም.፥ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሳሉ፥ አራቱ ወንጌላት ከነትርጓሜያቸው በአዲስ አበባ ታተሙ። በቃልና በብራና ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የሊቃውንት ትምህርት በዚያ ጊዜ ከንባቡ ጋራ በአንድ ጥራዝ ተገናኘ። ኋላም በ1954 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተተረጐመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ። እንግዲህ መጽሐፍ የለም የሚል ምክንያት ከሰባኪ አፍ ጠፋ።

ይሁን እንጂ ማኅተም ያመጣው በረከት የራሱ ፈተና አለው። ቀድሞ ተማሪው አንዱን «አንድም» ከሌላው ነጥሎ ለመውሰድ አይችልም ነበር፤ መምህሩ ፊቱ ተቀምጧልና። ዛሬ ግን መጽሐፉን ገልጦ፥ ከሦስቱ መንገድ ለክርክሩ የሚመቸውን አንዱን መርጦ፥ ሁለቱን ሸፍኖ ወደ ዐውደ ምሕረት መውጣት ቀላል ሆኗል። ሕዝቡም የተሸፈነውን ስለማያውቅ የሰማውን የመጽሐፉ ቃል አድርጎ ይቀበላል። ይህ መጽሐፉን ማገልገል ሳይሆን መጽሐፉን አገልጋይ ማድረግ ነው።

የአባቶቻችን ሥርዐት ግን ነጠላውን ሳይፈቱ ወደ ምሥጢር መዝለልን፥ ምስክር ሳይጠሩም መፍረድን ይከለክላል። ስለዚህ ለስብከት የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ ንባቡን በሚገባ አይቻለሁን? ነጠላውን አውቄዋለሁን? የማልወደውንስ «አንድም» ለሕዝቡ ለመናገር ልብ አለኝን? እነዚህን ሦስቱን አዎን ብሎ የሚመልስ ሰባኪ ቃሉ ቢያጥርም እንኳ ምእመኑን ያጠግባል።