አታሚ ተርሚናል

አታሚ ተርሚናል ተጠቃሚው የሚመታውንና ኮምፒዩተሩ የሚመልሰውን በዚያው ቅጽበት፣ ሆሄ በሆሄ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር መሣሪያ ነው። የተወለደው ከቴሌክስ ቤቶች ቴሌፕሪንተር ነው። በ1963 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ያትም ነበር፤ በ1974 የመጣው ዴክራይተር ኤልኤ36 ፍጥነቱን ወደ 30 አሳደገው። ስክሪን ከተለመደ በኋላም በሲፒ/ኤምና በዶስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ኮንትሮልና ፒ የሚባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ፣ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሁሉ ወደ ፕሪንተሩም ይሄድ ነበር፤ እንደገና ሲጫኑ ይቆም ነበር።

ፊደሉና ኮዱ

የግዕዝ ፊደል ከብዛቱ የተነሣ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ አይመችም ሲባል ይሰማል። ማስረጃው ግን ጥፋቱን የሚጥለው በኮዱ ጥበት ላይ ነው። የቴሌፕሪንተር ኮድ ባለ 5 ቢት በመሆኑ 32 ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ በመቀየሪያ ቁልፍ ቢታገዝም 60 ገደማ ነው። ባለ 7 ቢቱ የኮምፒዩተር ኮድ አስኪ እንኳ የሚታተሙ ምልክቶቹ 95 ናቸው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ግን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ገና አልተቆጠሩም። ላቲንስ እንዴት ተመቸው ለሚል፣ እሱም ሳይጎድልበት አልገባም፦ ሞዴል 33 ትንንሾቹን ፊደላት ጨርሶ አያትምም ነበር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከኢንጂነር አያና ብሩ ስም ጋር፣ የ1960ዎቹ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ደግሞ ከኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ስም ጋር ይነሣል። ሁለተኛውን የመጀመሪያው ቅጥያ አድርጎ ማየት የሚቀል ይመስላል፤ ሆኖም አያስኬድም። የጽሕፈት መኪና ቀለሙ የት እንደሚያርፍ ብቻ ይጨነቃል፤ «ለ»ን መትቶ ጎኗ ላይ ጭረት ቢያክልባት «ሉ» ትሆናለች፣ ጭረቷ ትንሽ ብትርቅም አንባቢ ይረዳል። ቴሌፕሪንተር ግን ያንኑ ምልክት በሽቦ ልኮ በሌላ ከተማ ባለ መሣሪያ ላይ በዚያው ተራ እንዲወጣ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ራሱን የቻለ ፈጠራ ሊባል ይገባዋል።

በ1980ዎቹ እነ ፍስሐ አጥላው የሠሯቸው የአማርኛ ፕሮግራሞች በዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ያሳትሙ ነበርና ችግሩ ያኔ አልቋል የሚል ይኖራል። ማሳተሙ እውነት ነው፤ ሆኖም ፊደሉን በውስጡ ያልያዘ ፕሪንተር የሚቀበለው ሆሄውን እንደ ሥዕል፣ ነጥብ በነጥብ ነው። ሥዕሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመስመር ተሰናድቶ ይላክ ነበር እንጂ ሆሄ በሆሄ አይደለም። በዚህ ላይ ኮንትሮልና ፒ የሚልኩት ኮዱን እንጂ ሥዕሉን ስላልሆነ፣ ያልተዘጋጀ ፕሪንተር በ«ሉ» ፈንታ የማይነበብ ነገር ያወጣል።

በወለጋ

የፊደልና የመሣሪያ ጉዳይ በኦሮምኛም ይነሣል። ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1991 ግን ኦሮምኛ በላቲን ላይ የተመሠረተውን ቁቤ ያዘ። በዚህም ዛሬ በነቀምት ወይም በምዕራብ ወለጋዋ ቢላ የሚጻፍ የኦሮምኛ ደብዳቤ የ1963ቱ ሞዴል 33 ያለ አንዳች ማሻሻያ፣ ሁሉን በትልልቅ ፊደል አድርጎ፣ ሊያትመው በቻለ ነበር፤ የአማርኛውን አይችልም። ከዚህ ተነሥቶ ቁቤ ለመሣሪያ ሲባል ተመረጠ ማለት ግን ከማስረጃው አልፎ መሄድ ይመስላል። በክርክሩ ጎልቶ የሚሰማው የአናባቢ ርዝመት ነው፦ በኦሮምኛ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚሉት ቃላት በርዝመት ይለያያሉ፣ የግዕዝ ፊደል ግን ለርዝመት የተለየ ምልክት የለውም። የመሣሪያ ምቾት ተከትሎ የመጣ ትርፍ ቢባል ይቀርባል።

ማብቂያው

ሌዘር ፕሪንተር ገጹ ሳይሞላ ስለማያትም ሆሄ በሆሄ የማተሙ ልማድ ቀረ። ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ345 ምልክቶች የመዘገበው በ1999 ነው። ከቴሌታይፕ የተወሰደው «ቲቲዋይ» የሚል አሕጽሮት ዛሬም በሊኑክስ ውስጥ የተርሚናል መጠሪያ ነው።