ከቦታው የማይነቃነቅ ቢስክሌት፤ ልምምድና እሽቅድድም እንዴት እንደ ተለያዩና እንደ ተገናኙ

ዛሬ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዱና ጨለማው ከቤት እንዳይወጣ የከለከለው ቢስክሌተኛ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አሠልጣኝ ወይም መጽሐፍ አስቀድሞ የወሰነለትን የተመጠነ ልምምድ መፈጸም ነው፤ ይኸውም ለምሳሌ ያህል ስምንት ደቂቃ በዚህን ያህል ኀይል ንዳ፣ አራት ደቂቃ ዕረፍ፣ ይህንንም አራት ጊዜ ድገም የሚል ነው። ሁለተኛው በኮምፒዩተር አማካይነት በሌላ አገርና በሌላ ቤት ከተቀመጡ ሰዎች ጋራ መሽቀዳደም ነው። ከ2014 ወዲህ የመጀመሪያውን መንገድ ትተው ሁለተኛውን ብቻ የያዙ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ የተመጠነው ልምምድ ያሰለቻል፣ እሽቅድድሙ ግን ሰዓቱን ያስረሳል።

ነገሩ ከኮምፒዩተር ጋራ የመጣ አዲስ ጕዳይ ይመስላል። የመሣሪያውን ታሪክ የተከታተለ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ከቦታው የማይነቃነቅ ቢስክሌት ከጥንቱ የእሽቅድድም መሣሪያ ነበረ፤ የተመጠነው ልምምድ የተስፋፋው ኋላ፣ ያውም ከላቦራቶሪ ወጥቶ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን መለያየትና መገናኘት ለመመርመር የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሮለር የሚባለው መሣሪያ በአንድ ማዕቀፍ ላይ የተሰኩ ሦስት ተንከባላይ ሲሊንደሮች ነው፤ ሁለቱ ከኋላው ጎማ ሥር፣ አንዱ ከፊተኛው ጎማ ሥር ይውላሉ። ነጂው ፔዳሉን ሲመታ ሲሊንደሮቹ ይሽከረከራሉ፤ ቢስክሌቱ ግን ካለበት ስንዝር አይሄድም። በ1899 ባቡር ተከትሎ፣ በሐዲዱ መካከል በተነጠፈ ሳንቃ ላይ አንድ ማይል በ57.8 ሴኮንድ የነዳው አሜሪካዊ ቻርልስ መርፊ፣ በዚያው ዓመት በሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮን ከሆነው ከጥቁር አሜሪካዊው ማርሻል ቴይለር ጋራ በ1900 ገደማ በቴአትር መድረክ ላይ በሮለር ይሽቀዳደም ነበር። ሕዝቡ ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው ሁለት ሰዎች የትም ሳይሄዱ ሲሽቀዳደሙ ነበረ። በእንግሊዝ አገርም የቢስክሌት ክበቦች በብርድ ወራት በአዳራሽና በሲኒማ ቤት የሮለር እሽቅድድም ያደርጉ ነበር፤ የነጂዎቹን ርቀት በትልቅ የሰዓት ገበታ ላይ የሚዞሩ እጆች ያሳዩ ነበርና ተመልካቹ ዐይኑን ከገበታው አይነቅልም። ለዛሬው የኮምፒዩተር መስኮት አያቱ ይህ የሰዓት ገበታ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይሁንና ሮለሩ አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረው። ነፋስም ዳገትም ስለሌለበትና የሲሊንደሩ መቋቋም እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ የሚያሸንፈው ብርቱው ሳይሆን እግሩን በፍጥነት የሚያዞረው ነበረ።

እሽቅድድም ለምን ኀይልን ይጨምራል የሚለውን ጥያቄ በጥናት ከመረመሩት ፊተኞች አንዱ ኖርማን ትሪፕሌት ነው። ይህ ሰው በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1898 ባሳተመው ጽሑፍ የአሜሪካን ቢስክሌተኞች መዝገብ ሰብስቦ ብቻቸውን ከሰዓት ጋራ የሚታገሉትን፣ ፊት ፊታቸውን የሚመራ ቢስክሌት ተከትለው የሚነዱትንና ከተቃራኒ ጋራ የሚሽቀዳደሙትን አነጻጸረ። ብቻውን የሚነዳው መሪ ከሚከተለው በአንድ ማይል ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ፈረስ ከፈረስ ጋራ ሲሮጥ ብቻውን ከሚሮጠው እንደሚበልጥ ጉግስ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ትሪፕሌት ግን ከዚህ አልፎ ሄደ። መሪው ነፋሱን ስለሚከላከል ልዩነቱ ሁሉ ከልብ መነሣሣት የመጣ ነው ለማለት እንደማይቻል ራሱ ተገንዝቦ ነበር። ስለዚህ ነፋስ ወደሌለበት ክፍል ገብቶ አርባ ልጆች የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ ብቻቸውንም ጎን ለጎንም ሆነው እንዲያዞሩ አደረገ።

ከውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግማሾቹ ልጆች ተቃራኒ ሲያገኙ መፍጠናቸው ብቻ ነው። የቀሩት ግን መረሳት አይገባቸውም። ሩቡ ያህል ምንም የረባ ለውጥ አላሳዩም፤ ሌላው ሩብ ደግሞ ከመጠን በላይ ከመነሣሣታቸው የተነሣ እጃቸው ተሳስሮ ዘገዩ። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ቍጥሮቹን በዛሬው የስታቲስቲክስ ዘዴ እንደ ገና መርምሮ በልጆቹ ላይ የታየው ልዩነት በጣም ደካማ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ተቃራኒ ለሁሉ ሰው ኀይል ይጨምራል የሚለው አባባል ከጥናቱ ራሱ አይወጣም።

በዚህ መካከል ቢስክሌቱ ወደ ላቦራቶሪ ገባ። ዴንማርካዊው ሊቅ አውጉስት ክሮግ በ1913 በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚገታ የቢስክሌት ኤርጎሜትር ሠራ፤ በ1954 ደግሞ በስዊድን ቮን ዶቤለን ቀላልና ርካሽ የሆነ በቀበቶ የሚገታ ኤርጎሜትር አወጣ። በዚያው ዓመት ኦስትራንድና ሪሚንግ የሰው ሳንባና ልብ የሚችለውን ከመካከለኛ ሥራ ላይ ካለ የልብ ምት የሚገምቱበትን ዘዴ አሳተሙ። የእነዚህ ሊቃውንት ፍላጎት ከመድረኩ ፍላጎት ፍጹም ተቃራኒ ነበረ። ሰውየው ስንት ኀይል እንደሚያወጣ በትክክል ለማወቅ ተቃራኒውንም፣ ጭብጨባውንም፣ እልኩንም ከክፍሉ ማስወጣት ነበረባቸው።

በልምምድ ረገድም ተመሳሳይ እርምጃ ታየ። በ1930ዎቹ በጀርመን አገር አሠልጣኙ ቮልደማር ጌርሽለርና ሐኪሙ ሐንስ ራይንዴል ሩጫውን በዕረፍት ከፋፈሉት፤ የልብ ምት በደቂቃ ወደ 180 ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ሯጩ ያርፋል፤ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ወደ 120 ያህል ካልወረደ ግን ሥራው በዝቷል ማለት ነው። በዚህ ትምህርት የሠለጠነው ሩዶልፍ ሐርቢግ በ1939 በሚላኖ 800 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሴኮንድ ሮጠ። እንደ ጸሐፊው አስተያየት የዚህ ዘዴ ታላቅነት ከሩጫው ይልቅ በዕረፍቱ ላይ ነው። ሰው ወደ ፊት ለመሮጥ ማነሣሻ አያጣም፤ መቼ መቆም እንዳለበት የሚነግረው ግን አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሊነገር ይችላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪሽ ሾበረር በ1980ዎቹ አጋማሽ የፔዳሉን ኀይል በዋት የሚለካ መሣሪያ በቢስክሌቱ ላይ ገጠመ፤ ላቦራቶሪው ወደ መንገድ ወጣ ማለት ነው። በ1996 የታተመው የጃፓኑ የታባታ ጥናት ሃያ ሴኮንድ በጽኑ ኀይል፣ ዐሥር ሴኮንድ ዕረፍት የሚለውን አጭር ልምምድ በኤርጎሜትር ላይ ፈትኖ አሳወቀ። በ2006 ሐንተር አለንና አንድሩ ኮገን ያሳተሙት መጽሐፍ አንድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ሊጸናበት የሚችለውን ኀይል መነሻ አድርጎ ልምምዱን በደረጃ እንዲከፍል አስተማረ። ከዚህ ወዲህ ማንኛውም ሠራተኛ ከሥራ መልስ በጓዳው ውስጥ የሚፈጽመው የተመጠነ ልምምድ ነበረው። ግድግዳ እያዩ ላብ ማፍሰስ ግን ከትዕግሥት በላይ ይሆናል።

ዝዊፍት የተባለው ድርጅት በ2014 የተነሣው በዚህ ክፍት በር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኋላው ጎማ ፈንታ የሚገጠመው መሣሪያ የነጂውን ዋት ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም የሰውየውን ክብደትና የመንገዱን ዳገት አስልቶ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ምስል ያንቀሳቅሳል፣ ዳገት ሲመጣም መሣሪያው እንዲከብድ ያዛል። ከሌላው ምስል ኋላ ለተጠጋው ነፋሱ እንደ ቀለለለት አድርጎ ይቈጥርለታል። ትሪፕሌት ከክፍሉ ያስወጣው ነፋስ በሒሳብ ተመልሶ ገባ! የሮለሩም የጥንት ጕድለት ተወገደ፤ አሁን የሚያሸንፈው በእርግጥ ኀይል ያለው ነው።

ወይም እንደዚያ መሆን ይገባው ነበር። ፍጥነቱ የሚሰላው ነጂው ራሱ በሚጽፈው ክብደት በመሆኑ ጥቂት ኪሎ የቀነሰ ሰው ዳገቱን በብዕር ይወጣዋል። በ2019 በተደረገው የእንግሊዝ ሻምፒዮና ላይ ያሸነፈው ሰው፣ የተጠቀመበትን ፈጣን ምስለ ቢስክሌት ያገኘው በራሱ ድካም ሳይሆን በኮምፒዩተር ፕሮግራም መሆኑ ስለ ታወቀ ማዕረጉ ተወስዶበታል። የሮለር ዳኛ ሁለቱን ነጂዎች በዐይኑ ያይ ነበርና እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም።

በ2020 ወረርሽኙ መንገዱን ሲዘጋ ነገሩ ከጨዋታ ወደ ማዕረግ ተሻገረ። በሚያዝያ ወር መጀመሪያ የፍላንደርስ ውድድር በተሰረዘበት ቀን 13 ነጂዎች በየቤታቸው ሆነው የውድድሩን የመጨረሻ 32 ኪሎ ሜትር በኮምፒዩተር ተሽቀዳደሙ፤ ግሬግ ቫን አቨርማት አሸነፈ። በታኅሣሥ 9 ቀን ደግሞ የዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በዝዊፍት አደረገ። በሴቶች የደቡብ አፍሪካዋ አሽሊ ሞልማን፣ በወንዶች ጀርመናዊው ጄሰን ኦስቦርን አሸነፉ። ኦስቦርን የጀልባ ቀዛፊ ነበረ፤ በ2021 በቶክዮ ኦሊምፒክ በቀዘፋ የብር ሜዳይ አግኝቷል።

እሽቅድድሙ የተመጠነውን ልምምድ ሊተካ ይችላል የሚሉ ሰዎች ኦስቦርንን ምስክር አድርገው ቢጠሩት አያስደንቅም። ምስክርነቱ ግን ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል፤ ቀዛፊ ሰውነቱን የሚሠራው በረጅምና በዝግተኛ ልምምድ ነውና። የአውስትራሊያው ጄይ ቫይን ታሪክም ይህን ይመስላል። በ2020 ዝዊፍት ባዘጋጀው የምርጫ ፕሮግራም አሸንፎ የባለሙያ ቡድን ውል አገኘ፤ ፕሮግራሙ የተመጠኑ ልምምዶች የነበሩበት ነው። በ2022 የዓለም የኮምፒዩተር ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በስፔን ዙር ሁለት ቀን አሸነፈ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በእሽቅድድም ውስጥ የሥራውን መጠን የሚወስነው ነጂው ሳይሆን ተቃራኒው ነው። መነሻው እጅግ ጽኑ ነው፤ ከዚያ ዳገቱ በመጣ ቍጥር ይጠነክራል፤ ዕረፍቱም የሚገኘው ሌሎቹ ሲያርፉ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለጽኑ ሥራ ይህ መልካም ነው፤ ሰው ብቻውን የማያወጣውን ኀይል ያስወጣዋል። ነገር ግን በኖርዌይ ያስተማረው ስቲፈን ሳይለር የታላላቅ ስፖርተኞችን መዝገብ መርምሮ እንዳሳየው፣ ከልምምዳቸው ከመቶ ሰማንያው ያህል ቀላል ነው። እሽቅድድሙ ጽኑውን ቀን ብቻ ሳይሆን ቀላሉንም ቀን የወሰደ እንደ ሆነ፣ ያ ሰማንያ ቦታ ያጣል። ቀስ ብሎ የሚካሄድ ውድድር የለምና።

በጥቅምት 2024 የዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ የተደረገው በሌላ ድርጅት ፕሮግራም ሲሆን፣ ኦስቦርን እንደ ገና አሸነፈ። በዚህ ጊዜ ግን የፍጻሜው ተወዳዳሪዎች በየቤታቸው አልነበሩም። በአቡ ዳቢ ተሰብስበው፣ ከቦታው በማይነቃነቅ ቢስክሌት ላይ ዳኛና ተመልካች እያያቸው ተሽቀዳደሙ።