አናጢው በእንጨት ጋራ ላይ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የምንቸኩልበት ነገር የለም። በ1909 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ሰገሌ ላይ በተደረገው ጦርነት ያ ሁሉ ሰው ወድቆ፣ በየካቲት ደግሞ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በደፉበት ዓመት፣ ፈረንጆቹ 1917 በሚሉት ማለት ነው፣ ከባሕር ማዶ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ሃል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ጆን ሚለር የሚባል ሰው ነደፈና አናጢዎቹ እንጨት በእንጨት ላይ እያጋደሙ፣ ቋሚውን ከማገር፣ ማገሩን ከወራጅ እያያያዙ፣ ሰው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድበት ትልቅ የእንጨት ጋራ ሠሩ። ጃይንት ኮስተር አሉት። ሮለር ኮስተር የሚባለው ነው። ዛሬ የማወጋችሁ የዚያን ጋራ ነገርና ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ የተሳፈረበትን የአንድ አናጢ ነገር ነው።

ሰውየው የእኛው ሰው ነው። ስሙ ይቅር፤ ሲጠራ አይወድም። ይህች ድሮ መንቆረር ትባል የነበረች ከተማችን ውስጥ የእሱ መዶሻ ያላረፈበት ጣራ ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። ሴት ልጁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ ዓመት በመጣ ቁጥር «አባየ ይምጡ፣ የልጅ ልጆችዎን ይዩ» ትለዋለች፣ እሱም «ይህን ጣራ ልጨርስና» ይላታል፣ አንዱ ጣራ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፣ እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉ። ባለፈው መስቀል ግን መንገዱ ሰላም ሆነ ሲባል ጋቢውን ለበሰ፣ ከዘራውን ያዘ፣ ከነጋ ሳይቆይ አውቶቡስ ተሳፈረ።

የዚያን ጊዜ አገሩ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አደዩ ገና አልረገፈም፣ ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሉማሜን አለፉና ደጀን ደረሱ፣ ከዚያም ዓባይ በረሃ አፉን ከፈተላቸው። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገባ፣ ሴቶቹ አማተቡ፣ አንዱ ሕፃን ጆሮዬ ተደፈነ ብሎ አለቀሰ፣ እናቱም ዋጥ አድርግ አለችው። በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ጋቢ ሁሉ ተጣጥፎ ጭን ላይ ሆነ። አናጢው ሁለት መዳፉን ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ ለጥፎ፣ በየጠመዝማዛው ከአውቶቡሱ ጋር እየተዘነበለ ወረደ። ከዚያ ጃፓኖች ያገዙንን የሕዳሴ ድልድይ ተሻገሩ፣ ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። የአውሮፕላኑን ነገር ጠይቄው «ተቀምጦ ማደር ነው» ብሎ አለፈው።

ሜሪላንድ ሲደርስ ቅጠሉ መቅላት ጀምሮ ነበር። የልጅ ልጆቹ አንድ ወሬ ይዘው ጠበቁት፤ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ከፍቶ ሊዘጋ ነው፣ ከዚያ በፊት እንሂድ አሉ። አናጢው የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ዝም አለ። ትልቁ ልጅ ግን «አያቴ፣ ከእንጨት የተሠራ አለ እኮ፣ መቶ ዓመት አልፎታል» ቢለው ቀና አለ፤ «ከእንጨት?» አለ፣ ጫማውንም መፈለግ ጀመረ።

ያ ከእንጨት የተሠራው ደግሞ የቅድሙ የሃል ጋራ ነው። ሃል ላይ የነበረው ፓራጎን ፓርክ በ1984 እንደ ፈረንጆቹ ተዘጋ፣ መሬቱም ለመኖሪያ ቤት ሆነ። ያን ጊዜ ለማገዶ ይሆን ነበር፤ ግን የሜሪላንድ ሰዎች ገዙት፣ በ1986 ኋላ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በተባለው ፓርክ ተተከለ፣ ስሙም ዋይልድ ዋን ተባለ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ የገዛው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አሮጌ እንጨት አይቶ ገና ይኖራል ብሏልና።

ቅዳሜ ቀን ሄዱ። ጋራው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ 30 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ርዝመቱ ከ1,200 ሜትር የማያንስ ነበር። ሰው ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ አናጢው ከሰልፉ ዳር ወዳለው ቋሚ ጠጋ አለና በመዳፉ ዳሰሰው፣ ከዚያ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ መታው፣ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ፣ ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም መታ። «አልበሰበሰም» አለ። ከዚያ የቡሎኑን ራስ አየ፣ ከግራጫው ሞራሌ ጎን አዲስ ሞራሌ ተተክቶ አየ፣ ሐዲዱ ደርብ በደርብ ከተጣበቀ ጣውላ ተሠርቶ ከላዩ ጠፍጣፋ ብረት እንደ ለበሰ አየ። ማን ነው የሚጠብቀው ብሎ ጠየቀ። ልጁም በየጠዋቱ በሩ ሳይከፈት ሠራተኞች ሐዲዱን በእግራቸው እየሄዱ ጣውላውን እንደሚያዩ፣ የላላውን እንደሚያጠብቁ፣ ያረጀውን እንደሚለውጡ ነገረው። አናጢው «በየጠዋቱ?» አለ፣ ልጁ «በየጠዋቱ» አለው፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ወዲያ ፍርሃት አልነበረኝም ብሎኛል።

ከዘራውን ለልጁ ሰጠ፣ ጋቢውን ለልጁ ሰጠ፣ ተቀመጠ፣ ብረቱ ጭኑ ላይ ወረደ። ሰንሰለቱ ያዛቸውና ሽቅብ መጎተት ጀመረ፣ ከሥር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚወድቅ ብረት ነው። ጫፍ ሲደርሱ ድምፁ ቆመ። ከዚህ በኋላ ሞተር የለም፣ የሚነዳ የለም፤ የመጀመሪያው ቁልቁለት የሰጣቸው ፍጥነት ብቻ ነው እስከ መጨረሻው የሚያደርሳቸው። ወረዱ! በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆዱ ወደ ላይ፣ ሰውነቱ ወደ ታች፣ ቂጡ ከወንበሩ ተነሣ፣ ከጉብታው በላይ ሊበሩ ሲሉ ከሐዲዱ ሥር የገቡት ጎማዎች ያዙአቸው፣ እንደገና ወጡ፣ እንደገና ወረዱ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ክብ የተጠመዘዘውን ሐዲድ ዙረው ተንገጫግጨው ቆሙ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲጮህ እሱ ቁልቁል ቋሚዎቹን ነበር የሚያይ። «አብሮን ይንቀሳቀሳል» አለኝ፤ «ስናልፍበት ቋሚው ጋደል ይልና ይመለሳል። ድርቅ ብሎ የቆመ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። የሠራው ሰው እንጨት ያውቃል።» ደግሞ ተሳፈረ።

ጥቅምት 23 እሑድ ሆነ፣ ፓርኩ ተዘጋ። ባለቤቶቹ ቀደም ብለው መሬቱን እንደሚሸጡ ተናግረው ነበር። ያን የእንጨት ጋራ በ1963 እንደ ፈረንጆቹ ሃል ላይ እሳት ተነሥቶ ከፊሉን በልቶት ነበር፣ ጠገኑት፤ የባሕሩ ጨውም የማሳቹሴትስም በረዶ አልጣለውም። መበስበስ ሳይጥለው የመሬት ዋጋ አዘጋው። ይህ ነገር ያሳዝነኛል፣ ማዘኔንም አልደብቃችሁም፤ አንድ አናጢ መቶ ዓመት የሚቆም ነገር ሠርቶ፣ ሌሎች በየጠዋቱ ተነሥተው ጠብቀውት፣ በመጨረሻ ሜዳው ይሸጣል ሲባል መስማት ከባድ ነው።

አናጢው በታኅሣሥ ተመለሰ። አሁን አናጢዎቹ ሻይ ከሚጠጡበት ደጃፍ ብታልፉ ክርክሩን ትሰማላችሁ። አንዱ ከእንግዲህ ያ እንጨት አይነሣም፣ ቡሎኑ ዝጓል ይላል፤ ሌላው ሚስማር ከሆነ ጣውላው ይቀደዳል ይላል። እሱ ግን ብርጭቆውን ያስቀምጥና፣ ከሃል አንድ ጊዜ ሄዷል፣ ሁለተኛ ለምን አይሄድም ብሎ ይጀምራል። «አስቀድሞ እያንዳንዱ እንጨት ላይ ቁጥር ይጻፋል። ከላይ ይጀመራል፤ ሐዲዱ ይነሣል፣ ማገሩ ይከተላል፣ ቋሚው መጨረሻ ነው። የበሰበሰው ተለይቶ ይቀመጥና ልኩ ይወሰዳል፣ በልኩ አዲስ ይቆረጣል። አሥር ጎበዝ አናጢና አንድ ደረቅ ወቅት ስጡኝ።»