ካፊል፦ ዋስ ወይስ ፈቃድ ሰጪ?

ዐረብ አገር የሄደ ዘመድ ባለበት ቤት ሁሉ «ካፊል» የሚለው ስም ይነሳል። በፊቅህ ካፊል ማለት የሌላውን ዕዳ በራሱ ላይ የሚወስድ ዋስ ነው። ነቢዩላህ ዘከሪያ መርየምን በኃላፊነት መያዛቸው በቁርኣን የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። አብዛኞቹ ዑለማዎችም ለዋስትና ዋጋ መቀበልን አልፈቀዱም።

የሠራተኛው ከፋላ ግን ሥሩ ወዲህ ነው። አንዳንድ የታሪክ አጥኚዎች እንግሊዞች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሕሬን ውስጥ የውጭ ሠራተኞችን ለመቆጣጠር ከዘረጉት አሠራር ጋር ያያይዙታል። ያኔ ሸክሙ ተገለበጠ። በኮንትራት የሄደችው እህታችን ሥራ ለመቀየር የአሠሪዋን ወረቀት ትለምናለች። ደመወዝ ተከልክላ ጥላ ብትወጣ «ጠፍታለች» ተብላ ትመዘገባለች። ኢቃማዋን የሚያሳድሰው አሠሪው ሆኖ ሳለ፣ ባያሳድስ ሕገ ወጥ የምትባለው እርሷ ናት። ወረቀቱን የሚይዘው አንዱ፣ የሚቀጣው ሌላው! ይህ ከየትኛው የዋስትና ሕግ ተወሰደ እንላለን?

ካታር በ2018 የመውጫ ፈቃዱን ለአብዛኞቹ ሠራተኞች አነሳች፤ በ2020 ደግሞ ሥራ ለመቀየር የአሠሪ ፈቃድ መጠየቁን አስቀረች። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2021 ሥራ ላይ ያዋለችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ወደዚያ ከሄዱት እህቶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው።