የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት

«ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» በሚባለው ሕመም የልብ የላይኛዎቹ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸው ይቀርና ይርገበገባሉ። በዚህ ጊዜ ደም በውስጣቸው ተጠራቅሞ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ የአንጎልን ደም ሥር ሲዘጋ ስትሮክ ይከሰታል። ሕመሙ ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው 5 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

በበለጸጉት አገሮች ሕመሙ በአብዛኛው የአረጋውያን ነው። በአገራችን ግን በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም የልብ በርን ስለሚያጠብ ወጣቶችንም ያጠቃል።

ዋርፋሪን በ1948 (እ.ኤ.አ.) ለአይጥ መግደያ የቀረበ፣ በ1954 ለሰው ሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት ነው። በአግባቡ ከተወሰደ የስትሮክን አደጋ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ልኩ «አይ.ኤን.አር» በተባለ የደም ምርመራ ይታወቃል፤ ውጤቱ ለብዙዎቹ ሕሙማን ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከዚህ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይፈሳል።

እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ይህን ተደጋጋሚ ምርመራ አይጠይቁም። ይሁንና በ2022 የታተመው «ኢንቪክተስ» ጥናት በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ከሪቫሮክሳባን ወሳጆች ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ገጠር የመጣ ታማሚ ትልቁ ጥያቄ ክኒኑ ብቻ ሳይሆን ምርመራው ነው። በንፋስ መውጫ ምርመራውን ካላገኘ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መጓዝ ግድ ይለዋል። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀጣዩ ምርመራ መቼና የት እንደሚደረግ ጠይቆ መያዝ ይኖርበታል። ሳይለኩ ለወራት መዋጥ አደገኛ ነው፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥም እንዲሁ።

ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የዋርፋሪንን ኃይል ያዳክማል። መተው ግን አያስፈልግም፤ መጠኑን ማመጣጠን ይበቃል። በጾም ወራት አመጋገብ ሲለወጥ ለሐኪም መንገር ይገባል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ፤ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ያበረታሉ። አስፒሪን ዋርፋሪንን አይተካም። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር ወይም በጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።